ልክ ሳይወሰድ የተሰፋ ሰርቨር

ለተከበሩ የማኅበራት ዲጂታል አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጆሮዎን፣ ጉሮሮዎን፣ በተለይም ቅልጥምዎን በደኅና ያቆይልዎ። እነዚህን ሦስቱን ለይቼ ለምን እንደተመኘሁልዎ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ይገባዎታል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት ነኝ። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም፣ የምትናገረውም በእጇና በጽሑፍ ነው። እሷ ያለችበት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር አባላቱ በስልካቸው የሚጻጻፉበት የራሱ ሰርቨር ነበረው፤ በውስጡም «ድረሱልኝ» የሚባል ክፍል ነበር። የታመመ ወይም የወደቀ ሰው እዚያ አንዲት ቃል ከጻፈ፣ በአቅራቢያው ያለ አባል ጫማውን ሳያስር ይሮጣል። ነገሩ ያለ እርስዎ እርዳታ በደንብ ይሠራ ስለነበረ፣ አስቸኳይ መሻሻል ያስፈልገዋል ብለው ማመንዎ አልደነቀኝም።

ባለፈው ወር ለማኅበራት ሁሉ የሚሆን አንድ ቴምፕሌት አዘጋጁ። የአንዱን ሰርቨር ክፍሎች፣ ማዕረጎችና ፈቃዶች እንዳሉ ገልብጦ ለሌላው የሚያለብስ ንድፍ ነው። ስለ ድካምዎ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቴምፕሌቱን የገለበጡት ከድምፃውያን ክበብ ነው። በዚህም ምክንያት የማኅበሩ አባላት አንድ ማለዳ ስልካቸውን ሲከፍቱ «ያልተፈተነ ድምፅ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው አገኙ። ሊቀመንበራቸው፣ ዜማ የሚባል ነገር በጆሯቸው ገብቶ የማያውቅ አናጺ፣ «ድምፀ መረዋ» ተብለው ተሾሙ። እሳቸውም «ሚስቴ እንኳ እንዲህ ብላ አሞግሳኝ አታውቅም» ብለው ጻፉ፤ ሆኖም ከእሳቸው በቀር መጻፍ የተፈቀደለት ስላልነበረ የሳቀላቸው ሰው አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያዎ ይህን ነገር «አብነት» ይለዋል። እኛ በተማርንበት ዘመን አብነት ማለት ሰው አይቶ የሚከተለው መልካም ምሳሌ ነበር፤ ለሕመም የሚሰጥ መድኃኒትም አብነት ይባላል። የእርስዎ አብነት በሽታው ራሱ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለቃሉ ሦስተኛ ትርጉም ስለጨመሩልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ በእርስዎ ቴምፕሌት «ያልተፈተነ ድምፅ» የሆነ ሰው በየትኛውም ክፍል ለመጻፍ አስቀድሞ ወደ ድምፅ ክፍል ገብቶ ድምፁን ማሰማት አለበት። እህቴ ከሱቋ በላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከደረጃ ወድቃ ቅልጥሟ ሲሰበር ለእኔ ጽፋልኝ ነበር፤ እኔ ግን ኔትወርክ በማይደርስበት መንገድ በአውቶቡስ እጓዝ ነበር። ስለዚህ «ድረሱልኝ» የሚለውን ክፍል ከፈተች። «ለመጻፍ ድምፅዎን ያሰሙ» አላት። ጨንቋት በማታውቀው ድምፅዋ ጮኸች። «ድምፅዎ አልተሰማም፣ እንደገና ይሞክሩ» አላት። እንደገናም ሞከረች። ያገኛት ሱቋ ሳይከፈት በመዋሉ ግራ የገባው የጎረቤት ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሐኪም ቤት ስደርስ የጻፈችልኝ የመጀመሪያው ነገር ስለ ማሽኑ ነበር፦ «ምስኪን፣ እሱም እንደኔ አይሰማም።» እሷ ሳቀች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልሳቅሁም፤ ያን ደረጃ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አራተኛ፣ አቤቱታ ባቀርብ ከቢሮዎ የተላከልኝ መልስ «ቴምፕሌቱ ለሁሉም ማኅበራት አንድ ዓይነት ስለሆነ ለአንድ ማኅበር ተብሎ አይለወጥም፤ አባላቱ ቅሬታ ካላቸው በድምፅ ክፍል ቀርበው ያስረዱ» ይላል። ይህን መልስ ደጋግሜ ያነበብኩት ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፤ የጻፈው ሰው ደመወዝ የሚከፈለው መሆኑን ለማመን ስለተቸገርኩ ነው።

አምስተኛውን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። የሌሎች ማኅበራት አባላት የራሳቸውን እየሞሉ ይህንኑ ደብዳቤ ደጋግመው ሊልኩልዎ ይችላሉ፤ ቴምፕሌት እንደሚወዱ አውቃለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ንድፍ ጠላቴ አይደለም። በልጅነታችን የስፌት መምህራችን ከወረቀት የተቆረጠ ንድፍ ሰጥታን ብዙ ቀሚስ ሰፍተንበታል። ነገር ግን የሚለብሰውን ሰው ልክ ሳይወስድ ጨርቅ የቆረጠ ተማሪ በዚያው በመቀሱ እጀታ መዳፉን ይመታ ነበር። ንድፉን ደጋግሞ መጠቀም ብልኅነት ነው፤ ሰውን ከንድፉ ጋር ለማስተካከል ሰውን መቁረጥ ግን ሌላ ስም አለው፤ አስተዳደጌ ስለማይፈቅድልኝ አልጽፈውም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ድረሱልኝ» ለማኅበሩ አባላት ሁሉ፣ ያለ ማዕረግና ያለ ፈተና፣ በጽሑፍ ዛሬውኑ ይከፈት። ዛሬ ማታም ከደረጃ የሚወድቅ ሰው አለ፤ መውደቅ ስብሰባዎ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ለሰጡን አገልግሎት ተመጣጣኙን ምስጋና ለማቅረብ ቃል ያጠረኝ፣ ቢሮዎ የሚገኝበትን ፎቅ ግን አሳምሬ የማውቀው፣

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ እህቴ እግሯን በጄሶ አሳስራ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች በእጇ አንድ ኮት ሰፍታልዎታለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። ልክዎን አልወሰደችም። ንድፉ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ የተገለበጠውም ከመዋዕለ ሕፃናት የደንብ ልብስ ነው። እጅጌው ክርንዎ ላይ ቢያልቅ ወይም ብብትዎን ቢይዝዎ ቅሬታዎን በደስታ እንቀበላለን፤ የሚቀርበው ግን በምልክት ቋንቋ ብቻ ነው።