ኩላሊት አዋቂው የአቶ ሞላልኝ ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ሞላልኝ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይነሽ አሊ በ1918 ዓ.ም. ኮምቦልቻ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከአባታቸው ጋር ሰንጋ እየነዱ የደሴን ዳገት ሲወጡ አደጉ። በ1940 ዓ.ም. ደሴ ሰኞ ገበያ ልኳንዳ ቤት ከፈቱ። በ1945 ዓ.ም. ወይዘሮ ሥርጉት አበጋዝን አግብተው አራት ልጆች አፈሩ።

ከልኳንዳቸው ፊት ለፊት የወዳጃቸው የአቶ አብዱልወሀብ ሰይድ ልኳንዳ ነበር። ክርስቲያንና እስላም ናቸውና አንዱ የአንዱን ሥጋ አይቀምስም። የእርዳቸውን ኩላሊት ግን አንዱ ለአንዱ ያሳይ ነበር፤ እንግዳ ነገር ያየ መንገዱን ተሻግሮ ያሳያል፣ ክርክሩም ይደራል።

በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ጎናቸውን ዳሶ፣ ኩላሊቱ ውሃ ቋጥሯል፣ አያሰጋም ብሎ መለሳቸው። ቤተሰቡ እልል አለ፤ እሳቸው ግን አላመኑም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ የቋጠረ የበግ ኩላሊት አይተዋል፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ደም የሚባል አያውቅም። አቶ አብዱልወሀብን ሲያማክሩ፣ «ወላሂ ሞላልኝ፣ የሚደማ ውሃ እኔም አላየሁ! ተነስ፣ እንሂድ!» ብለው እጃቸውን ይዘው ደሴ ሆስፒታል አደረሷቸው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር በላቸው በደም ሥር መድኃኒት ሰጥተው ራጅ አስነሷቸው። ውሃውን የቋጠረው ከረጢት ግድግዳ ወፍራምና ጎርበጥባጣ ሆኖ ታየ። ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ሳይደብቁ ነገሯቸው። ዘመድ ሁሉ ውሃው በመርፌ ይቀዳ ሲል አቶ ሞላልኝ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ከረጢት ከተበሳ ዙሪያውን ያበላሻል፤ እንዳለ ይውጣልኝ!» አሉ። ሐኪሙም ስቀው፣ «እኔም ይህንኑ ልል ነበር፣ ጋሼ ሞላልኝ» አሏቸው።

ለቀዶ ሕክምናው ደም ተፈለገ። የዘመዶቻቸው አልገጥም ሲል የአቶ አብዱልወሀብ ገጠመ። ኅዳር 3 ቀን ኩላሊቱ ከነከረጢቱ፣ ሳይበሳ ወጣ! ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ከሁለት ወር በኋላ ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነበር፤ ግን ከከረጢቱ አልወጣም! ያን ዕለት ሁለቱም ልኳንዳዎች ተዘጉ፣ ሰኞ ገበያ በእልልታ ቀለጠ። ሥጋ ሳይበላሉ ደም ተካፈሉ እያለ ሰው ሲቀልድባቸው ኖረ።

አቶ ሞላልኝ በአንድ ኩላሊት አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ሽንቴ ቀላ ያለ ሰው ካገኙ እየጎተቱ ሆስፒታል ያደርሱ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸውን አትጠገብን ድረው የልጅ ልጅ ታቀፉ። በልብ ሕመም ጥቂት ቀን ተኝተው ጥር 12 ቀን 1983 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

የተዋቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥርጉትን፣ ወንድማቸውን አቶ አብዱልወሀብ ሰይድን፣ አራት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን ነው። የአብዱልወሀብ ስም ከልጆቼ በፊት ይነበብ ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ያን ከረጢት ሳይበሳ ያወጣ አምላክ ነፍሳቸውንም እንዳለች ይቀበልልን።