በአሸዋው ላይ ያለች ትንሽ እግር

መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት

በስልቻ ውኃ ቀድቼ ተመለስሁ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው፣ «አያ ታከለ፣ ሚስት ያግቡ እንጂ!» ብለው ሳቁብኝ። 

ደብተሬ፣ ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁትን ላንቺ ልጻፍ። ዱካው የምን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ቀን ዐውቃለሁ። ጾም ሳይገባ ነበር። ከጓንግ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ውስጥ በቆፈርነው የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ታየ። ልክ የሕፃን እግር። ተረከዝ አለው፣ ጣት አለው። በጎኑ ልብስ የተጎተተበት ይመስል ጭረት ጭረት። ሰው ከቦ ሲያማትብ እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ነገር አነሣሁና እጅጌዬ ውስጥ ሸጎጥሁ። የጃርት እሾህ።

ጃርት ነው፣ ሌላ አይደለም። የኋላ እግሩ እንዲያ ነው። ጭረቱም እሾሁ ሲጎተት። ጣሊያን ጠመንጃችንን ለቅሞ እስኪወስድ ድረስ በዚህ ቆላ ሳድን ኖሬያለሁ። ሌላው ዐራሽ ነው። ጃርትን በማሽላው ጥፋት እንጂ በዱካው አያውቀውም።

መጋቢት ፮፣ ከሰዓት

ወሬው ከፋ። ሙት ሕፃን ነው ይላሉ፤ መግነዙን እየጎተተ ውኃ ይቀዳል። ያስነሣችውም ሸክላ ሠሪዋ ትርንጎ። ቡዳ ናት ማለታቸው ነው። ከጉድጓዱ ከለከሏት። ለብቻዋ ብትቆፍር እሱንም ደፈኑባት። ውኃ ከሌለ ጭቃ የለ፣ ጭቃ ከሌለ ጉርሻ የለ። ቤቱ ሁሉ በሷ እንስራ ይጠጣል፤ ከእጇ ግን ማንም አይቀበልም።

አሁን ደጄ መጥታ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

«አያ ታከለ፣ እርሰዎ አዳኝ ነበሩ። እስቲ ያን ዱካ ይዩልኝ።»

አያለሁ አልኋት። ዓይኗን ግን አላየሁም።

«ሙት ማስነሣት ብችልማ፣» አለች፣ «ያን ሰነፍ ባሌን አስነሥቼ ጭቃ አስረግጠው ነበር!»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ባዶ እንስራዋን አዝላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሳቄ አፌ ውስጥ መርሮኛል።

መጋቢት ፯

ለምን ዝም አልሁ? ፈርቼ አይደለም። ብፈራ ይሻለኝ ነበር።

ዘውዴ፣ ባለቤቴ፣ በወሊድ ሞተች። ሕፃኒቱ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ተከተለቻት። እናቷ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ እሷ ከወንዙ ዳር ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀበሩ። ስም እንኳ የላት። ብትኖር ሦስት ዓመቷ ነበር። እግሯ ይኸን ያህላል።

ዱካው ከጉድጓዱ ተነሥቶ ወደ ቁርቁራው ይሄዳል። ጃርት ሥር ይወዳል፤ ሊቆፍር ነው። እያወቅሁ ጧት ጧት እሄድና መዳፌን አስቀምጥበታለሁ። ጃርት ነው ያልሁ ዕለት ልጄ መራመዷን ታቆማለች።

ኃጢአት ነው። ሞኝነትም ነው። ትርንጎ ግን ውኃ አጣች።

መጋቢት ፱፣ ዓርብ

ጎረቤቴ አያ ብሩ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትርንጎን ከመንደር ለማስወጣት ይመከራልና አንተም ተገኝ፣ ቃልህ ይሰማል አለኝ። ወዴት ትሂድ አልሁት። ወደ ገላባት ትሻገር፣ እንግሊዝ ገንቦ ይግዛት ብሎ ሳቀ። እሺም እንቢም ሳልል ሸኘሁት።

እሾሁን ከዳዊቴ ውስጥ አወጣሁት። መልሼ አስገባሁት። እግዚኦ።

መጋቢት ፲፩፣ እሑድ። መፃጉዕ



ዛሬ የተነበበው ከውኃው ዳር ተኝቶ የሚያወርደው ሰው ያጣው በሽተኛ ነው። ቀና ማለት አልቻልሁም።

ከቅዳሴ ወጥተን ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። አያ ብሩ ነገሩን ሳይጨርስ ተነሣሁ። ተከተሉኝ አልሁ። ከጉድጓዱ አፍ አሸዋው ላይ እሾሁን ከዳዊቴ አውጥቼ አግድም ጎተትሁት፤ ያው ጭረት። ዱካውን ይዘን እስከ ቁርቁራው ሄድን። የተቆፈረ ሥር፣ ሌሎች እሾሆች። ጃርት ነው አልሁ። ከጾም በፊት ጀምሮ ዐውቄ ደበቅሁ፣ በደሉ የኔ ነው አልሁ። ለምን እንደሆነ ግን ልጄ ከእግሬ ሥር ተኝታ እያለች ማስረዳት አቃተኝ።

 ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «በቃ፣ አያ ታከለንም በልታዋለች!» አለ። ሳቁ።

ማስረጃ እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ። ትርንጎ ከሩቅ ቆማ ነበር። ጠራኋት። እንስራዋን ተቀብዬ ከጉድጓዱ ሞላሁላት። በቅልሽ ቀድተሽ አጠጪኝ አልኋት። ቀድታ ዘረጋችልኝ። ሁሉም እያየ፣ ከእጇ ተቀብዬ ጠጣሁ። ደገምሁ።

አያ ብሩ ምራቁን ተፋ።  ግን ያን እንስራ ማንም አልደፋባትም።

ስትሄድ እሾሁን ሰጠኋት፤ ለገንቦዋ አንገት ጌጥ መጫሪያ። ጫፉን በመዳፏ ሞከረችው።

«ለርሰዎስ አያ ታከለ?»

ይብቃኝ አልኋት። ነገ ጧት ወደ አሸዋው የምወርደው ውኃ ልቀዳ ብቻ ነው።