ቤቱን በሰላም ስለማስረከቤ ለሕንፃችን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ ሲኞር ኦቶኔ ቬርዜኛሲ፣ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣ የደረጃው ጠባቂ፣ የብስክሌቶች ሁሉ ባላጋራ፤
ትሪየስቴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ባለፈው ቅዳሜ በእኔ ምክንያት ነፋስ የመታው ግራ ጆሮዎ ተሽሎት እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ አፍንጫዬ ከመንጠባጠቡ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍልኝ የምለምነው፣ ጎረቤቶቼ ነገሩን ከወሬኛ ከሚሰሙት ከባለጉዳዩ ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው፤ ወሬው ራቁቴን አድርጎኛልና። ራቁቴን አልነበርኩም። ካናቴራና ቁምጣ ለብሼ፣ ከጋዜጣ የተሠራ ቆብ ደፍቼ ነበር።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ማስታወቂያዎችዎ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ከእርስዎ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብቼ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ብስክሌት በደረጃ ሥር ማቆም፣ ምንጣፍ በመስኮት ማራገፍ፣ ከምሳ በኋላ አኮርዲዮን መጫወት፣ የበረንዳ መለያ አጥር ላይ መንጠላጠል በየተራ ተከልክለውብኛል። ያልተከለከልኩት መተንፈስ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ደረጃ ስወጣ ድምፄን ቀንሼ እንዳደርገው ተነግሮኛል። እኔም በበኩሌ የእያንዳንዱን ማስታወቂያ የጽሑፍ ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬአለሁ። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፤ ስለ ነጠላ ሰረዝ አጠቃቀምዎ ግን ማመስገን ይቸግረኛል።

ሁለተኛውን አቤቱታ ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ፤ ተከሳሹ እኔው ነኝና። እንደሚያውቁት መተዳደሪያዬ በተከራዮች ማኅበር ተቀምጦ ቤት የሚለቁ ሰዎችን መምከር ነው። «ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ የሚስማሩን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኑ፤ ግድግዳውን ፎቶ አንሱ፤ በርክክቡ ቀን ግን ብሩሽ የሚባል ነገር እንዳትነኩ!» እያልኩ ስንቱን ያለ ጠብና ያለ ክስ አስወጥቻለሁ። ፉልቪያም የተዋወቀችኝ የዓሣ መሸጫ ሱቋን ለመልቀቅ ምክር ልትጠይቅ መጥታ ነው። ሰምታ ስትጨርስ «አንተ ሰው፣ የጀመርከውን የምትጨርስ ትመስላለህ» አለችኝ፤ እኔም ሞኙ «እንዴታ!» አልኳት። ኦፒቺና ባለው ቤቷ አብረን ለመኖር የተስማማነው በዚሁ እምነት ነው።

ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዕቃዬ ሁሉ በፉልቪያ የዓሣ መኪና ተጭኖ፣ እሷ ታች ሞተር አስነስታ እየጠበቀችኝ፣ የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ኒቬስም ቁልፍ ሊረከቡኝ በመንገድ ላይ ሳሉ፣ እኔ ታላቁ አማካሪ የበረንዳውን በር ከውጭ በኩል ቀለም እቀባ ነበር። ቅቡ ጥራት እንዲኖረው እጀታውን በካቻቢቴ ፈትቼ ወጥ ቤት አስቀምጫለሁ። ማንም እንዳይረብሸኝ የመግቢያውን በር በሰንሰለት ይዣለሁ። ስልኬ ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ኮቴ መኪናው ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ቦራ የሚባለው የከተማችን ብርቱ ነፋስ ከተራራው ወርዶ በሩን በአንድ ምት ጠረቀመብኝ።

እርስዎ በጩኸቴ ወደ በረንዳዎ ብቅ አሉ።

«ሰውዬ፣ በዚህ ነፋስ በካናቴራ ምን ትሠራለህ?»

«ቤት እያስረከብኩ ነው።»

«ለማን? ለአሞራ?»

ሦስተኛው አቤቱታዬ እዚህ ላይ ነው። አጥሩ ላይ መንጠላጠልን በራስዎ ማኅተም ከልክለው ሳለ፣ በዚያ በታመመ ወገብዎ፣ ያለ ማንም ፈቃድ፣ አራት ፎቅ ጥልቀት ከሥርዎ እያለ በሩን ሊሞክሩልኝ ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። ገና እግርዎ ሳያርፍ የእርስዎም በር ከኋላ ጓ ብሎ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ወደቀ። ዘወር ብለው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔም ለጨዋነት ያህል ወደ ባሕሩ አየሁ።

በዚሁ መሐል ሲኞራ ኒቬስ ደርሰው በራቸውን በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ፤ ሰንሰለቱ ግን ከአፍንጫቸው በላይ አላስገባቸውም።

«ሲኞር ማርሲች! የት ነዎት?»

«በረንዳ ላይ ነኝ፣ ሲኞራ!»

«ታዲያ መጥተው ይክፈቱልኛ!»

«መምጣት ብችል በረንዳ ላይ ምን እሠራለሁ!»

እሳቸው ፉልቪያን ሊጠሩ ሲወርዱ፣ እርስዎ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው ካፖርትዎን ከፈት አድርገው ግማሹን አለበሱኝ። አንዱን እጅጌ እርስዎ፣ ሌላውን እኔ። ከዚያ ያነሡብኝን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም።

«ይኼ በር ምን ሆኖ ነው የምትቀባው?»

«ምንም አልሆነም።»

«ሳምንቱን ሙሉ የቀለም ሩሎ ድምፅ ስሰማ ነበር። ግድግዳው ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም።»

«ፈርተሃል ማለት ነው።»

«ቦራውን?»

«ቦራውን ይላል እንዴ! መሄዱን ነዋ። ዕቃህ ተጭኖ፣ ሴትዮዋ ታች እየጠበቀች፣ አንተ ደህና በር ትቀባለህ። እኔ አውቀዋለሁ ይኼን። ሚስቴ አልቢና የሞተች ጊዜ ልጄ ‹አባዬ፣ ና እኛ ጋ ኑር› አለኝ። ቧንቧው ይቀየር አልኩ፤ ጣሪያው ይጠገን አልኩ፤ ይኸው እስከዛሬ አለሁ። መቼም የማልሄድ መሆኑን ሲያዩ አስተዳዳሪ አደረጉኝ።»

እኔም ወሬውን ለመለወጥ ብዬ፣ ለመሆኑ ማንም የማያነበውን ማስታወቂያ ለምን ይለጥፋሉ አልኩዎት።

«አንተ ታነበው የለም እንዴ? ነጠላ ሰረዙን እኮ እያወቅኩ ነው የምተወው።»

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት ዓይኔ እንባ ያቀረረው በነፋሱ ነው። ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ።

ከዚያ ከውስጥ አንድ ትልቅ ድምፅ ተሰማ። ዕድሜውን ሙሉ የሰርዲን ሳጥን ሲያነሣ የኖረ ትከሻ የመግቢያውን በር ገፍቶት ኖሮ ሰንሰለቱ ከነቡሎኑ፣ ከመቃኑም ቁራጭ ጋር ተነቅሎ ወለሉ ላይ አረፈ። ፉልቪያ እጀታውን ከወጥ ቤት አንሥታ በበረንዳው በር መስታወት ማዶ ቆመች፤ በአንድ ካፖርት የገባን ሁለት ሽማግሌዎች አየች፤ አልሳቀችም፤ በሩንም ወዲያው አልከፈተችም።

«ቱሊዮ፣ ትወጣለህ ወይስ በረንዳውን ልትከራየው ነው?»

«እወጣለሁ።»

«ለእኔ ብለህ እንዳይሆን። ካልፈለግህ ዕቃህን አራግፌልህ እሄዳለሁ። አልቀየምህም።»

እርስዎ በካፖርቱ ውስጥ ጎኔን በክርንዎ ወጉኝ። አላስፈለገም ነበር፤ ግን አመሰግናለሁ።

«እወጣለሁ፣ ፉልቪያ። ፈርቼ ነው እንጂ ጠልቼ አይደለም» አልኩ። ያን ጊዜ እጀታውን ሰክታ አዞረችው።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው አቤቱታዬ የሚከተለው ነው። ሲኞራ ኒቬስ ክፍል ለክፍል ዞረው አንድ እንከን ካጡ በኋላ፣ የተገነጠለው መቃን ፊት ቆመው «ይኼስ?» ሲሉ፣ እርስዎ ክራቫትዎን አስተካክለው «ይኼ የሕንፃው ጥገና ነው፤ እኔን ነው የሚመለከተው» አሉ። ሕንፃው ምንም አልነካውም። በአስተዳዳሪነት ዘመንዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ዋሹ፤ የዋሹትም ለእኔ ነው። ከእንግዲህ በማን ልማረር? እንደዚህ ያለ ግፍ በተከራይ ላይ ሲፈጸም በሥራዬ ዘመን አላጋጠመኝም።

እነሆ ቤቱን በሰላም አስረክቤ፣ ራሴን ግን በጉንፋን ተረክቤ፣ በፉልቪያ ምድጃ አጠገብ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ይህን እጽፋለሁ። ማኅበሩ ዘንድ ለምክር የሚመጡትን ከእንግዲህ አስቀድሜ «ለመሄድ ፈርታችኋል?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ስቱኮው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በክቡርነትዎ ፊት ቆቤን አውልቄ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ የቀድሞ ጎረቤትዎና የዘወትር ባለዕዳዎ፣
ቱሊዮ ማርሲች

ማስታወሻ፦ እሑድ ምሳ ከእኛ ጋር ነዎት፤ ፉልቪያ ዓሣውን መርጣለች፣ እኔ እንዳልነካው ታዝዣለሁ። ሥራ አለኝ፣ ቧንቧ ይቀየራል፣ ጣሪያ ይጠገናል የሚል ምክንያት አንቀበልም። የቀሩ እንደሆነ ለበላይዎ አቤት እላለሁ፤ ይሁንና ከእርስዎ በላይ ማን እንዳለ በሕንፃው ሁሉ ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ እርስዎንም ጨምሮ።