አባቴ ይሙት

ኅዳር 4

ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። አሥራ አንደኛ ፎቅ በእግር... ጎረቤታችን ፓኪስታናዊው ዘንቢሌን ልያዝልህ አለኝ። አላስያዝኩም። እታገኝ ሰምታ፣ «አባዬ፣ አንተና በቅሎ አንድ ናችሁ» አለችኝ። ከሥራ መግባቷ ነበር፣ መጦሪያ ቤት ሽማግሌ ስታጥብ ውላ። ሳቅኩ። ልጄ ናት፣ ትናገረኝ። ባሏ ደረጄ ትራኩን ይዞ ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ ከሄደ ሳምንት አለፈው።

ኅዳር 9

ደረጄ ተመለሰ። እሷ ሺፍት ላይ እያለች መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ አፍሬ ነው እንጂ ልነግርዎ ካሰብኩ ቆየሁ። ልጅዎ መኝታ ላይ ላስቲክ ታደርጋለች።»

ምን ላስቲክ? የሴት ኮንዶም የሚባል አለ አሉ። ሴቲቱ ራሷ ውስጧ የምታስገባው። በዚህ ዕድሜዬ ይህን መስማት...

ለቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ለሀብተማርያም ነግሮት ለቅዳሜ ሽማግሌ ቀጥረዋል። እኔንም ተቀመጥ አሉኝ። አባት በልጁ ነገር አይቀመጥም ያለው ማነው? ሰው የሚያውቀኝ ባለማዳላት ነው። እቀመጣለሁ።

ኅዳር 14 ቅዳሜ

ሳሎን ተቀመጥን። ሀብተማርያም፣ ጓደኛው መንግሥቱ፣ እኔ። እታገኝ እንደ ተከሳሽ ቆመች። ተቀመጪ ብንላት እምቢ።

ደረጄ፣ «ሚስቴ እንደ መንገድ ሰው ቆጠረችኝ» አለ።

«ባልና ሚስት መሃል ላስቲክ ምን ይሠራል?» አለ ሀብተማርያም። «ዘመድ በጓንት ይጨበጣል?» መንግሥቱ ሳቀ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ጓንት አድርጌ ነው ሰው የማነሳው» አለች። «ንቄያቸው ነው?»

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አባዬ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከሱ በሽታ ይዞኝ በመርፌ ነው የዳንኩት። የራስህን አድርግ አልኩት፣ እምቢ አለ። እሱ ካላደረገ እኔ አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ያለ ላስቲክ አልነካኝም። ምን አጠፋሁ?»

ደረጄ አቀረቀረ። «ያ አንዴ ነው፣ አልፏል» አለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን አዩ። አባት ምን ይል ይሆን ብለው። ለልጁ ወገነ ሊሉኝ ነው...

«ባልሽ ነው። ያለፈ አልፏል» አልኳት። «በኔ ማይ።»

«አባዬ...»

«ማይ ብያለሁ!»

«አባቴ ይሙት፣ ከእንግዲህ አላደርግም» አለች። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤት የላስቲኩን ካርቶን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ሀብተማርያም በእግሩ ገፋው። እኔ ወስጄ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት።

ኅዳር 15

ከቅዳሴ ስንወጣ መንግሥቱ ለሰዎች፣ «በገዛ ልጁ የፈረደ ሰው አየሁ» ሲል ሰማሁት። እንዳልሰማ አለፍኩ። ደስ ብሎኛል።

ታኅሣሥ 11

ደረጄ ነገ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ደቡብ ነበር፣ ቴክሳስ። እታገኝ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ፣ መሐላውን አንሳልኝ» አለች።

«ለምን?»

«ስልኩ ላይ ሴት አለች። አይቻለሁ።»

«ስልክ ላይ ያለ ሰው በሽታ አያስይዝም» አልኳት።

«አንሳልኝ አባዬ። እንዳልፈታው ቤቴ ነው። እንደዚህ አብሬው እንዳልተኛ ደግሞ ፈራሁ።»

ሽማግሌ ፊት የተባለ ቃል ኩሽና ውስጥ ይሻራል? ቃል ቃል ነው አልኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩት።

ጥር 6

እታገኝ ታመመች። ትኩሳት። የጉሮሮ ሕመም፣ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ። ሥራ ከቀረች አራተኛ ቀኗ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ጥር 20

ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ውጭ ጠበቅኩ። ስትወጣ ኮቷን እንኳ አልቆለፈችም። አውቶቡስ ውስጥ ነው የነገረችኝ፣ በመስኮቱ እያየች።

«ኤች አይ ቪ ነው።»

ሰማሁ። ያልሰማሁ መሰለኝ። እኛ አገር ያን ጊዜ ስንቱን ቀበርን... ስሙን ሳንጠራ፣ የሳንባ ነው እያልን።

«አትሞቺም» አልኩ። ምን አውቄ?

«አልሞትም። በቀን አንዲት ክኒን፣ ዕድሜ ልኬን። ነገሩኝ።»

«ለምን መሐላውን አላፈረስሽም? ማን ያይሻል?»

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። «የምትሞተው አንተ ነህ እኮ። እማዬን ቀብሬያለሁ። አንተን በገዛ አፌ ልግደልህ?»

መሐላውን አንስቼልሻለሁ አልኳት።

«አሁን?» አለች።



የካቲት 2

ደረጄም ተመረመረ። አለበት። አላውቅም ነበር ይላል። እቃውን ይዞ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር፣ እህቱ ጋ ሄደ። ደረጃው ላይ እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እሱን ልቆጣ እፈልግና... ካርቶኑን የጣልኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 17

እታገኝ ለማንም እንዳትናገር ብላለች። ሥራ ቦታዋም፣ ቤተ ክርስቲያንም። ሰው ስለ ደረጄ ሲጠይቀኝ መንገድ ላይ ነው እላለሁ። ስዋሽ እውላለሁ።

መጋቢት 6 ቅዳሜ

ሀብተማርያም ደወለ። ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር የባልና ሚስት ጠብ አለ፣ «አንተ ካልመጣህ አይበርድም» አለ። ሄድኩ። ልጅቱ ሩሀማ ትባላለች፣ ከመጣች ዓመቷ ነው። ባሏን ተመርመር ብትለው ሰደበችኝ ብሎ ከሷት ነው። ሀብተማርያም እንደ ልማዱ፣ «ሁለተኛ ላትጠይቂው በአባትሽ ማይና ይለቅ» አላት። አባቷ ደሴ ነው፣ በሕይወት አለ።

ልጅቱ አፏን ልትከፍት ስትል ተነሳሁ። «አትምልም» አልኩ። «እሱ ይመርመር።»

«ምን ነካህ? በገዛ ልጅህ ፈርደህ ለሰው ልጅ ታዳላለህ?»

«አዎ፣ አዳላለሁ።»

«ምክንያትህን ንገረና!»

ምክንያቱ የኔ አይደለም። የእታገኝ ነው። መንግሥቱ፣ «ጃጅቷል፣ ተዉት» አለ። ባልየው በሩን ከፈተልኝ። ያለ ኮፍያዬ ወጣሁ። ከዚያ አስምለዋት እንደሆነ አላውቅም።

ቤት ስገባ እታገኝ፣ «የት ዋልክ?» አለች።

«ሽምግልና።»

ቆማ አየችኝ። «ምን ፈረድክ?»

«አባረሩኝ።»

ምሳዬን አሙቃ አቀረበችልኝ። አንቺስ ብላት በልቻለሁ አለች። አልበላችም፣ ሳህኗ ደረቅ ነው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።