«አሥር ዓመት ያለ ሽንፈት» ለተባለው ታሪክዎ ከሰቆጣ የተላከ እርማት

ለፈንጠዝያ የኦንላይንና የሞባይል ጨዋታዎች አክሲዮን ማኅበር
መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ምትኩ ዓለምብርሃን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በድርጅትዎ ታሪክ ውስጥ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በየቅርንጫፉ የሚደክሙልዎትን ሠራተኞች ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በሰቆጣ ያለን ሰዎች ዝናቡ ዘንድሮ ቀኑን ጠብቆ ስለዘነበልን፣ ከጎረቤታችን ከደሃና ወረዳ የሚመጣውም ወሬ የገብሱን ማማር ስለሚናገር፣ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው እፍረት በቀር ሌላ ሕመም የለብንም።

እርስዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን አልረሳሁዎትም። ከሁለት ዓመት በፊት የሰቆጣ ቅርንጫፍዎ ሲመረቅ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ረዘም ያለ የምስጋና ንግግር ያደረገው የሒሳብ መምህር እኔ ነኝ። በዚያ ንግግር «ዛሬ ዓለም ወደ ሰቆጣ መጣች» ማለቴን ሳስታውሰው ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል። የሆነው ሆኖ፣ ድርጅትዎ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ «አሥር ዓመት ያለ ሽንፈት» በሚል ርእስ በድረ ገጹ ያወጣውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ስሕተት ያየሁበትን ወረቀት ሳላርም መመለስ ስለማልችል፣ ድፍረቴን በትልቅነትዎ ይለፉልኝና እርማቴን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ታሪክዎ «ከአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና ከታላቅ ሕልም ተነሣን» ብሎ ይጀምራል። ይህን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም፤ ከየት እንደተነሡ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ብቻ የስልክ ጨዋታ ሠሪዎች ሁሉ ከጠባብ ክፍል መነሣታቸውን ሳነብ፣ ሰፊ ክፍል የነበራቸው ሰዎች ምን ሆነው እንደቀሩ ማሰቤ አልቀረም። የመጀመሪያው የእንቆቅልሽ ጨዋታዎ ሰው አጥቶ መዘጋቱን፣ ሁለተኛው የመኪና እሽቅድምድም ስልኮችን እያሞቀ ማስቸገሩን፣ በመጨረሻም ሰዉ በየጎዳናው በቆርኪ የሚጫወተውን ዳማ ወደ ስልክ አስገብተው መክበርዎን በግልጽነት ጽፈዋል። ዳማውን በማስገባትዎ ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና ያለ ተንኮል የቀረበ ስለሆነ በጥንቃቄ ያኑሩት፤ ሌላ ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛ፦ በሦስተኛው ምዕራፍ «የተጫዋቾቻችን ቁጥር በተአምር አደገ» የሚል ይገኛል። ተአምሩ የተፈጸመበት ቦታ ሳይጠቀስ በመቅረቱ ላሟላልዎት፦ ከሰቆጣ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው ሕንፃ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። የሥራ መደቡ «አስተናጋጅ ተጫዋች» ይባላል። አንድ አዲስ ደንበኛ ስልኩን ከፍቶ ዳማ ሲጀምር፣ ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ ሰው ጋር የተገናኘ ይመስለዋል፤ የተገናኘው ግን ከእኛ ልጅ ጋር ነው። የእኛ ልጅ ሥራ መሸነፍ ነው፤ ደንበኛው ደስ እንዲለው፣ ደስ ብሎትም እንዲቆይ። በችኮላ መሸነፍ ክልክል ነው፣ ሰውየው ይጠረጥራልና፤ ጥሩ ተሸናፊ የሚባለው ሊያሸንፍ ጥቂት ሲቀረው የሚሳሳት ነው። እንደዚያ አሳምሮ ለመሳሳት ደግሞ ከደንበኛው መብለጥ ስለሚያስፈልግ፣ የከተማችንን ጎበዞች በፈተና አጣርታችሁ፣ የበለጡትን መርጣችሁ፣ እንዲሸነፉ ቀጠራችኋቸው።

ይህን አላወቅንም ብዬ አልዋሽዎትም። ልጆቹ ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ወላጅ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ይላል፤ ልጅቱ «ደህና ነው፣ ስሸነፍ ዋልኩ» ትላለች፤ ወላጅም «ተመስገን!» ብሎ ራት ያቀርባል። እኔ ራሴ ይህን ሰምቼ ከሰዉ ጋር ስቄያለሁ። ሥራ በጠፋበት አገር ሥራ ተገኝቶ ምን ዓይነት ሥራ ነው ብሎ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት መስሎን ነበር።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ጉዳዩ ደረስኩ። በአምስተኛው ምዕራፍ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦ «መሥራቻችን በስውር ስም እየገቡ ከተራ ተጫዋቾች ጋር ይጫወታሉ። እስከ ዛሬ የተሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይህም በሰቆጣ ቅርንጫፍ ሠራተኛ በነበረችው በመሰረት ቢሆነኝ በተፈጸመ የማጭበርበር ድርጊት ነው።»

መሰረት የጎረቤቴ ልጅና የቀድሞ ተማሪዬ ናት። አባቷ አቶ ቢሆነኝ ማር ነጋዴ ነው፤ ዳማ ያስተማራትም እሱ ነው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ በማር ቆርቆሮ ክዳን ላይ መስመር አስምሮ፣ በቆርኪ። ማጭበርበር የተባለው ነገር የተፈጸመው ቅርንጫፍዎ የቤተሰብ ጉብኝት ባዘጋጀበት ቀን ነው። ወላጆች ገብተው ከየልጆቻቸው ጀርባ ቆሙ። አቶ ቢሆነኝ ልጁ አንዲት ቆርኪ በነጻ ስታስበላ አየና ጮኸ፦ «አንቺ! ያቺን አታዪያትም እንዴ?»

«አይቻታለሁ አባዬ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አይተሻት ነው የምታስበያት? እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርኩሽ?»

ከኋላ የቆመ አንድ ወላጅ «ቢሆነኝ፣ ዳማው ይቅርብህና ማርህን ሽጥ!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ተቆጣጣሪው በዓይኑ ምልክት ይሰጣል፤ አባትየው ደግሞ በሰው ፊት ተዋርዶ ላብ አጥምቆታል። መሰረት ሁለቱንም አየች፤ ከዚያም ተስተካክላ ተቀመጠችና መጫወት ጀመረች። በዚያች ሰዓት «የማይረታው» በሚል ስም በወዲያኛው ስልክ ላይ የነበሩት እርስዎ ነበሩ። ንጉሥ ስታወጣ አባቷ ጭኑን መትቶ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ጎብኚዎቹ ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ አካውንቷ ተዘግቶ፣ ከሥራም ተሰናብታ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የቃላት ትርጉም ላይ ችክ የምል ሰው ነኝ። ማጭበርበር ማለት ያልሆነውን ሆኖ በመታየት ሌላውን ማታለል ከሆነ፣ በዚያ አዳራሽ በዚያ ቀን ሳይጭበረበር የተጠናቀቀው ጨዋታ ያ አንዱ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በራሳችን ላይ መለየት አቅቶኛል፤ ቢሆንም ለታሪክዎ ሙሉነት አቀርበዋለሁ። መሰረት ስትባረር እኛ ሽማግሌዎች ነን ባዮች ምን አጠፋች ብለን አልጠየቅንም። ድርጅቱ ተቀይሞ ቅርንጫፉን እንዳይዘጋብን ብለን ሽምግልና ተቀመጥን፤ በትክክል ለመናገር ቆምን፣ በእኛ ወግ ሽማግሌ ይቅርታ እስኪያገኝ አይቀመጥምና። ተቆጣጣሪው «እኔ ሥልጣን የለኝም፣ ዋናውን መሥሪያ ቤት አነጋግሩ» ብሎ ቁጥር ሰጠን። በአቶ ቢሆነኝ ቤት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑረን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን፣ ቄስ ወንዳወቅ፣ እኔና ሌላ አንድ ሽማግሌ ተደርድረን ቆምን። መሰረት ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች።

«ፈንጠዝያ ጨዋታዎች፣ ትሕትና እባላለሁ፤ ምን ልታዘዝ?» አለች አንዲት የለሰለሰ ድምፅ ያላት ልጅ።

ቄስ ወንዳወቅ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረው አስረዱ። ትሕትና አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ «ስለ መሰረት የሰጡኝ ማብራሪያ በጣም ጠቃሚ ነው፣ የሚሰማዎትን ስሜት እረዳለሁ» አለች። ቄሱ ወደ እኛ ዞረው በአገውኛ «ያሳደጓት ሰዎች ጨዋ ናቸው» ሲሉ፣ ልጅቱ «ይቅርታ፣ አልተረዳሁዎትም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለች። ቄሱ በማታውቀው ቋንቋ እንዳሟት ቆጥረው ደነገጡና ሙገሳውን በአማርኛ ደገሙላት። ከዚያ መሰረትን ጠራናት። ስልኩ ፊት ተንበርክካ «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ትሕትናም «ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጉዳይዎ በአክብሮት ተመዝግቧል፤ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብላ መለሰች።

«እሰይ! ደግ ልብ ማለት ይኸ ነው!» አሉ ቄስ ወንዳወቅ። መርቀውም አልበቃቸው፣ በጸሎት ሊያስቧት «የክርስትና ስምሽ ማን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «በዚህ ጉዳይ ላይ መረጃ የለኝም» ስትላቸው ጊዜ «ምስኪን፣ የሚነግራት ሰው ሳይኖር ነው ያደገችው» ብለው እንባቸው መጣ። እኛም ተቀመጥን። ታርቀናል ብለን በላን፣ ጠጣን።

ከዚያ በኋላ ነው ታሪክዎ የወጣው። መሰረት በአምስተኛው ምዕራፍ አጭበርባሪ ሆና፣ በሰባተኛው ምዕራፍ ደግሞ ትሕትና «ቁጣ የማታውቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ተብላ፣ ሽልማቷ ሁሉ ተዘርዝሮ አነበብሁ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ፣ ክቡር ሆይ። ልጆች እንዲጠይቁ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን «እርስዎ» ብሎ ያነጋገረኝን ሁሉ ሰው ነው ብዬ ለማመን ይኼን ያህል ፈጣን መሆኔን አላውቅም ነበር።

መሰረት ዘንድ ሄጄ «አንቺ ታውቂ ነበር?» አልኳት። «አዎ» በሚል አንገቷን ነቀነቀች፤ አዳራሹ ውስጥ ሠራተኞቹ ችግር ሲገጥማቸው ሁልጊዜ የሚያነጋግሩት ይህንኑ ማሽን ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቆማችሁ ነበር እኮ መምህር» አለች። «አባ ወንዳወቅ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው፣ የምታነጋግሩት ማሽን ነው ልበላችሁ?»

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። ማሸነፏን እንደ ጥፋት ቆጥረን አንበረከክናት፤ እሷ ደግሞ እኛ እንዳናፍር ብላ ተንበረከከች።

አምስተኛና የመጨረሻ፦ መሰረት በቅርቡ ለአንድ የቁጠባ ማኅበር ሥራ አመልክታ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ኃላፊው ስሟን ስልኩ ላይ ፈለገው፣ ታሪክዎ መጣለት፣ አነበበላትም፤ ከዚያ በኋላ የጠየቃት ጥያቄ አልነበረም። አባቷ ሰው «ልጅህ ምን ሰርቃ ነው?» እያለ ስላስቸገረው ማሩን በአህያ ጭኖ ወደ ሌላ ገበያ መውሰድ ጀምሯል። እሷ ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳለች፤ የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ ባለፈ ማግሥት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። «ስሜን ማንም የማያነብበት አገር እሄዳለሁ» ብላኛለች። ከዚህ ተራራ ብዙ ልጆች በችግር ምክንያት ሲሄዱ ሸኝተናል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት የምትሄድ ስንሸኝ ግን የመጀመሪያችን ነው።

እኔ በቁጣዬ አንድ ሐሳብ አቅርቤላት ነበር፤ እርስዎ ሰቆጣ ድረስ ይምጡና ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ በቆርኪ ይግጠሟት ብዬ። አልተቀበለችኝም። «አሸንፌዋለሁ እኮ መምህር፤ ምን ቀረኝ ብዬ ነው የምደግመው?» አለች።

ስለዚህ ሥራዋን አልጠይቅዎትም፣ ካሳም አልጠይቅዎትም። የምጠይቀው ያ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ በምትኩ «መሥራቻችን አንድ ጊዜ በመሰረት ቢሆነኝ ተሸንፈዋል» የሚል እንዲገባ ነው። ሥራ እንዳይበዛብዎት አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከእርስዎ ያጠረም ስለሆነ ቦታ ይቆጥብልዎታል። ምናልባት እንዲህ ብሎ መጻፍ ከባድ ከመሰለዎት፣ እባክዎ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይደውሉ። ልጆቻችን ዛሬም ለእርስዎ ሲሸነፉ ነው የዋሉት፤ እንዴት እንደሚቻል በትዕግሥት ያሳዩዎታል።

በንግግር ያሞገስኩዎት፣ ቆሜ ያከበርኩዎት፣ አሁን ደግሞ በጽሑፍ የማስቸግርዎት፣ ለድርጅትዎ መጪ አሥር ዓመት እውነተኛ ተጋጣሚ የምመኝልዎት፣

ካሤ ይሄይስ
የሒሳብ መምህር፣ ሰቆጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት፣ ስሟ ስላለበት መሰረት እንድታነበው ሰጥቻት ነበር። ስለ ዳማ ችሎታዎ የጻፍኩትንና እዚህ የማልደግመውን አንድ አንቀጽ ሰረዘችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝን መልስ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ፦ «እንዲህ አይበሉት መምህር፣ ያሳዝናል። ሰውየው አይችልም አይባልም፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ያያል። ብቻ ቆርኪ በነጻ ሲሰጡት ለምን ሰጡኝ ብሎ አያስብም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተሰጠው ሁሉ የሚገባው መስሎታል።»