ለሰገን የተማርኩት እንግሊዝኛ

ኅዳር 9
የምሠራበት የወረታው ወፍጮ ቤት ዛሬም በሩዝ ጆንያ ተጨናንቆ ዋለ። ማታ እንግሊዝኛ ጀመርኩ። በሠላሳ ዓመቴ... መምህር ደሳለው ለምን እንደምማር ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ታናሽ እህቴ ሰገን በጥር ከካናዳ ትመጣለች። በጉዲፈቻ ስትሄድ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። አማርኛ አታውቅም። እማዬ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። መሐላቸው ከእኔ ሌላ ማን ይቆማል?

ኅዳር 17
"እኔ ሩዝ እሸጣለሁ" አይባልም። "እኔ እሸጣለሁ ሩዝ" ነው። ግሡ ይቀድማል። "የእኛ ሰው ነገሩን መጨረሻ ላይ ነው የሚነግርሽ፤ እነሱ ቀድመው ይገላገላሉ" አሉ መምህር። ጆንያ እያስመዘንኩ ቃል ሳገላብጥ ዋልኩ። አንዷ ገበሬ "ምነው፣ ለብቻሽ ታወሪያለሽ?" አለችኝ።

ታኅሣሥ 5
ዛሬ ፈሊጥ። "እግሬን አትጎትት" ማለት አትቀልድብኝ ማለት ነው አሉ። የእኛን "ሆዴ ባባ" ቢሰሙስ ምን ይሉ ይሆን... "ጊቭ አፕ"ንም ተማርኩ። ቃል በቃል ወደ ላይ መስጠት ነው። ትርጉሙ ተስፋ መቁረጥ።

ታኅሣሥ 11
ገጠር ቁሐር ሚካኤል ሄጄ እማዬን አየኋት። ቤቱን በአዲስ ጭቃ አስመርጋለች።
"ስትመጣ መጠየቋ አይቀርም" አለችኝ።
"ምኑን?"
"አንቺ ደግሞ... አጥተሽው ነው?"
አላጣሁትም።

ጥር 14
መጣች። ባሕር ዳር ተቀበልኳት። ረጅም ናት፤ አባቴን ቁርጥ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "አይ ሲስተር አም" አልኳት። ግሡን ኋላ ጣልኩት። ሳቀች። ግን ገባት።

ጥር 15
ቁሐር። እማዬ አቅፋት ቆየች። አላለቀሰችም። ከምሳ በኋላ ሰገን እማዬን ትክ ብላ እያየች አንድ ነገር ጠየቀች። "ጊቭ አፕ" የሚለውን ለየሁት።
"ለምን ተስፋ ቆረጥሽብኝ ነው የምትልሽ" አልኳት እማዬን።
እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።
"ንገሪያት" አለችና ወደ ሰገን ዞረች። "ጎርፉ አዝመራውን በወሰደበት ክረምት፣ አባታችሁ በሞተ በወሩ፣ ወተቴ ደርቆ፣ አንቺም ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥተሽ..."
መጀመር አልቻልኩም። ግሡ ገና አልመጣም። ጠበቅኋት።
"...እጄ ላይ ከምትሞቺ፣ የትም ሄደሽ ኑሪልኝ ብዬ ሰጠሁሽ። ተስፋ ብቆርጥማ ይዤሽ እቀመጥ ነበር።"
እየቆራረጥኩ ተረጎምኩት። ሰገን ተነሥታ እማዬ ያለችበት መደብ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም የምተረጉመው አልነበረኝም።

ጥር 18
ወረታ ተመልሰን መምህርን ጠየቅኋቸው። ልጅን በተመለከተ ሲሆን "ጊቭ አፕ" ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው አሉ። እንግዲህ ለምን ሰጠሽኝ ነው ያለቻት። እማዬን ያልተጠየቀችውን ጥያቄ አስመለስኳት። ዝም ልበል? ለማንስ ብዬ...
ለሰገን ነገርኳት። በዚያ ስብርብር ቋንቋዬ። "ልጠይቃት የፈራሁት አንቺ ተሳስተሽ የጠየቅሽውን ነበር" አለች። በደንብ እንዲገባኝ ሁለቴ አስደገምኳት።

ጥር 24
ሄደች። እኔም ወፍጮ ቤት ገባሁ።

መጋቢት 28
እማዬ ዘንድ እያለሁ ሰገን ደወለች። ተቀብዬ ላስተረጉም ስል እማዬ "አምጪው" አለችና ስልኩን ወሰደችው። ድምፁን ከፍ አደረግሁላት።
"እማዬ፣ እኔ እመጣለሁ በክረምት።"
አማርኛውን ማን አስተማራት? ግሡ መሐል ገብቷል። ላርማት አፌን ስከፍት እማዬ በእጇ ከለከለችኝ።
"ክረምት መንገዱ ውኃ ነው" አለች፣ ቃል በቃል እየለየች። "ነይ ብቻ።"
"እሺ" አለች ሰገን።
ሁለቱን ትቻቸው ወጣሁ። ደጅ የእማዬ ጥጃ አልታሰረችም ነበር፤ አሰርኳት።