ወደ ግራ የዞረው ሽቦ

ሰኞ፣ ሜይ 4
ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ለከተማችን ዓመታዊ በዓል መንገዱ ላይ የጥላ ሸራ መወጠር ጀምረዋል። ሳቱርዮ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ የፋብሪካ ሰይፉን ለአንድ ቱሪስት ያሞግሳል። "የጥንት ባላባቶች የታጠቁት ዓይነት ነው!"
"ሽንኩርት ሊከትፉበት?" አልኩ በማለፍ ላይ እያለሁ። ቱሪስቱ ቋንቋችንን ይሰማ ኖሯል... ስቆ ሄደ።
"አንተ ሽማግሌ፣ እንጀራዬን ዝጋብኝ እሺ!"
ደህና ቀን ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 6
የልጅ ልጄ ካሲልዳ ከማድሪድ ደወለች። ሠርጓ እዚሁ ቶሌዶ ነው። ኬኩን በእኔና በነፍስ ኄር ባለቤቴ ሌዮካድያ የሠርግ ሰይፍ መቁረጥ አምሯታል። "ሳሎን የተሰቀለው፣ አያቴ። እናንተ የቆረጣችሁበት።"
"ከነአቧራው?" ብዬ ቀለድኩ።
ስልኩን ዘግቼ ጀርባዬን ለሰይፉ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ሜይ 7
ከሳቱርዮ በቀር ማንም የማያውቀውን እዚህ ልጻፈው።
ለሠርጋችን ብረቱን እኔ ቀጠቀጥኩ፤ እጀታው ላይ ሽቦውን የጠመጠመችው ሌዮካድያ ናት። ግራኝ ስለነበረች ሽቦዋ ወደ ግራ ይዞራል። ከዓመታት በኋላ፣ እናቷን ልትጠይቅ በሄደችበት፣ ስድስት ቅጂ ሠራሁና ዋናውን መሀላቸው ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት። ያኔ ሻጬ የነበረውን ሳቱርዮን "ጎበዝ ከሆንክ ለይ!" ልለው ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ ለአንድ ጀርመናዊ ሸጦታል! ባቡር ጣቢያ ድረስ ሮጥኩ... የለም።
ከቅጂዎቹ አንዱን ሳሎን ሰቀልኩ። ሽቦውን ወደ ግራ ልጠመጥም ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለ። ወደ ቀኝ እንደዞረ ቀረ። ሌዮካድያ ተመለሰች። ቀና ብላ አየችው። "አቧራ ጠጥቷል" አለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ትቀባዋለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አርባ ዓመት ያንን እጀታ ደፍሬ አላየሁትም። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት... አሁን ለማን ልናዘዝ?

ሰኞ፣ ሜይ 11
ሳቱርዮን አማከርኩት።
"ዝም በል። ኬክ ነው የሚቆርጠው!"
"የሸጥከው አንተ!"
"የሰቀልከው አንተ!"
ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ግን ሌዮካድያን መዋሸቴ አንሶ ልጅቷንም?

ቅዳሜ፣ ሜይ 16
ካሲልዳ መጣች። ወንበር ላይ ወጥታ ሰይፉን አወረደችው። "ቁጭ በይ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አንዴም አልቀለድኩም... እሱ ነው መሰለኝ ያስደነገጣት።
"ማስረጃው ያውልሽ። የሴት አያትሽ ቢሆን ሽቦው ወደ ግራ ነበር።"
አገላብጣ አየችው። "አያቴ፣ ይሄ እኮ ወደ ግራ ነው።"
"አታሹፊብኝ!"
"ማሾፍ ያንተ ሥራ ነው። መነጽርህን አድርግ።"
አደረግኩ። ወደ ግራ። ጥብቅ ያለ፣ ጫፉ እንደ ልማዷ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የሌዮካድያ እጅ ሥራ ነው።
የእኔን ፈትታ እንደገና ጠምጥማዋለች። መቼ? እኔ ሱቅ ሳለሁ? ከዚያ አርባ ዓመት ምንም ሳትል... እስክናገር ትጠብቀኝ ነበር? ወይስ በሆዷ ትስቅብኝ ነበር?
ካሲልዳ አቀፈችኝ። "በዚህ ነው የምቆርጠው" አለች።

እሑድ፣ ሜይ 24
ትናንት ተዳረች። ሰይፉን በግራ እጇ ያዘች፣ እንደ ሴት አያቷ። ሳቱርዮ ሦስት ቁራሽ ኬክ በላ። "እኔ ባልሸጠው ይሄ ሁሉ የት ይገኝ ነበር?" ይለኛል፣ ክሬም በጢሙ።
ዛሬ ክሬሙን ከስለቱ ጠረግኩ። ዘይት ቀባሁት። በሌዮካድያ ጨርቅ። መጀመሪያዬ ነው። ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት፣ ዙር በዙር፣ እስከ ጫፉ። እዚያ ቆየሁ።
አገሩን ሁሉ ሳበሽቅ የኖርኩት ሰውዬ... ትልቁ ቀልድ ራሴ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ምነው አንድ ቅዳሜ ቀና ባልኩ? ይሄኔ አብረን ስቀንበት ነበር።
ሌዮካድያ፣ አንቺ ተንኮለኛ። አሁን የት አግኝቼ ልጣላሽ?